ቢረሳም የሚዘጋ በር

ሴፕቴምበር 17 ቀን 2022 ማንነቱ ያልተገለጸ አጥቂ የአውስትራሊያውን የቴሌኮም ኩባንያ የኦፕተስን አንድ አድራሻ በኢንተርኔት ማንኳኳት ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አድራሻው ደንበኛ ከፍቶ የሚያየው ገጽ አይደለም። ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት፣ ባለሙያዎች ኤፒአይ የሚሉት መስመር ነው። ጥያቄ ላከ፤ መልስ መጣለት። ጥቂት ቀያይሮ ደግሞ ላከ፤ አሁንም መጣለት። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይል፣ የአንዳንዱም የፓስፖርት ወይም የመንጃ ፈቃድ ቁጥር። በዚያ አድራሻ ላይ «ማን ነህ? ይህን እንድታይስ ማን ፈቀደልህ?» የሚል አልነበረም። እስከ ሴፕቴምበር 20 ድረስ ወደ 9.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀድሞና የወቅቱ ደንበኞች መረጃ ወጣ። ከ10 ሺህ በላይ የሚሆኑትም ሰዎች ዝርዝር በኋላ በአደባባይ ተለጠፈ።

በ2024 የአውስትራሊያ የኮሙኒኬሽንና የሚዲያ ባለሥልጣን ኩባንያውን ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲከስ ያቀረበው ታሪክ ኮድ ለሚጽፍ ሰው እንቅልፍ የሚነሳ ነው። መፈተሻው ነበረ ይላል ክሱ። በ2018 በኮዱ ላይ በተፈጠረ ስህተት ግን መሥራት አቆመ። ስህተቱ የነካው ሁለት አድራሻዎችን ነው። በኦገስት 2021 የኩባንያው ሰዎች በዋናው አድራሻ ላይ ያለውን አግኝተው አስተካከሉ፤ ሁለተኛውን አላዩትም። ይህ ሁለተኛው አድራሻ አገልግሎቱ አስፈላጊ ሳይሆን፣ ሳይዘጋና ሳይጠገን ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ቆየ። ጥቃቱ የመጣው በእሱ በኩል ነው። ለዚህም የረቀቀ ጥበብ አላስፈለገም፤ እየሞከሩ እየሳቱ መቀጠል በቂ ነበር፣ እንደ ባለሥልጣኑ አቤቱታ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ደካማ ፓስወርድ የለም። ስህተቱን ያወቀም፣ ያስተካከለም ሰው ነበር። ያው ጥያቄ በሁለት ቦታ ለየብቻው ይጠየቅ ስለነበር አንዱ ሲድን ሌላው ታሞ ቀረ። ስለ ፈቃድ አሠራር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራመሩን «ተጠንቀቅ» ይለዋል። እኔ በጥንቃቄ ብዙም አልተማመንም። ሰው እንዲያስታውሰው የሚጠብቅ መፈተሻ አንድ ቀን ይረሳል። ስለዚህ ሥርዓቱን መሥራት ያለብን የተረሳው ነገር ተዘግቶ እንዲገኝ አድርገን ነው።

ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ዝርዝር አለ። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደኅንነት ድርጅት በየጥቂት ዓመቱ አሥር ዋና ዋና አደጋዎችን በደረጃ ያወጣል። የተበላሸ የፈቃድ ፍተሻ በ2017 አምስተኛ ነበር፤ በ2021 አንደኛ ወጣ፤ በ2025 እትምም ቦታውን አልለቀቀም። በ2021 መረጃ ውስጥ ከ318 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ጉድለቶች ተመዝግበዋል። አብሮት የሚጠቀሰው 94 በመቶ የሚለው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ይገባል። ለዚህ ጉድለት የተፈተሹትን ፕሮግራሞች ድርሻ እንጂ ጉድለት የተገኘባቸውን አይናገርም።

ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት አንድ ሥርዓት በሐሳባችን እንሥራ። ቦታው አዲስ አበባ ያለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይሁን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ ፊት ሰልፉ ተጀምሯል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ ትመዘግባለች፤ ምርመራውን ማየት የለባትም። ነርሷ ሙቀትና የደም ግፊት ትሞላለች። ጤና መኮንኑ ይመረምራል፣ ላቦራቶሪ ያዛል፣ መድኃኒት ይጽፋል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ውጤት ታስገባለች። ፋርማሲስቱ የታዘዘውን አይቶ ያድላል፣ ራሱ ግን አያዝም። ገንዘብ ተቀባዩ የሚያየው ሒሳቡን ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ወርኃዊ ሪፖርት ይፈልጋሉ። በወረቀት ዘመን ይህን ሁሉ የሚለየው ካርዱ ከክፍል ክፍል የሚሄድበት መንገድ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲገባ ካርዱ በአንድ ጊዜ ሁሉም ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ሥራውን የወሰዱት ወጣት ዴቨሎፐሮች ጃንጎ የተባለውን የዌብ ፍሬምወርክ መረጡ እንበል። አንደኛው የምርመራ ገጹን ሲጽፍ ከኮዱ አናት ላይ አንዲት መስመር ያስቀምጣል፦ የገባው ሰው ሚና «ሐኪም» ካልሆነ መልሰው። ገጹ ይሠራል፣ በማሳያው ዕለት ይጨበጨብለታል። ሁለተኛው የመድኃኒት ማዘዣውን ሲጽፍ ያንኑ መስመር ኮፒ ያደርጋል። ሦስተኛዋ በላቦራቶሪው በኩል «ዶክተር» ብላ ትጽፈዋለች። ሥርዓቱ ጤና ጣቢያው ሲደርስ ግን ሌላ እውነት ይጠብቀዋል። በጤና ጣቢያ ደረጃ አብዛኛውን ታካሚ የሚያዩት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ስለዚህ «ሐኪም ወይም ጤና መኮንን» የሚለው ማስተካከያ ከፋይል ፋይል ይዞራል። አንድ ገጽ ላይ ይረሳል። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ «ወይም» ያለ ቦታዋ ትገባና ገንዘብ ተቀባዩም ጭምር እንዲያልፍ ታደርጋለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው ዋናው ነገር። ጤና መኮንኑን ያባረረው ገጽ በዚያኑ ጠዋት ይታወቃል፤ ታካሚ ቆሞ እየጠበቀ ነው፣ ስልክ ይደወላል፣ ይጮኻል፣ ይስተካከላል። ገንዘብ ተቀባዩን ያሳለፈው ገጽ ግን ማንንም አያስቸግርም። ያለ አግባብ ስለተከፈተለት ቅሬታ የሚያቀርብ ሠራተኛ የለም። ያለ አግባብ የከለከለ ስህተት ጠበቃ አለው፤ ያለ አግባብ የፈቀደው የለውም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስለማይጠገኑ ሥርዓቱ ባረጀ ቁጥር ወደ ልቅነት እያዘነበለ ይሄዳል፣ ማንም ክፉ ባይሆንበት እንኳ።

መውጫው ኮዱ ስለ ሰው ማዕረግ መጠየቁን እንዲተው ማድረግ ነው። የማዘዣው ገጽ ማወቅ ያለበት «ይህ ሰው መድኃኒት ማዘዝ ይችላል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። ማን ማዘዝ እንደሚችል በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፋል። ጤና መኮንን፦ መመርመር፣ ላቦራቶሪ ማዘዝ፣ መድኃኒት ማዘዝ። ፋርማሲስት፦ ማዘዣ ማየት፣ ማደል። ነገ አዲስ የሙያ መደብ ቢመጣ የሚነካው ሰንጠረዡ ነው፤ ገጾቹ ወሬውን አይሰሙም። «ሐኪም» የሚለው ቃል ከሰንጠረዡ ውጭ በኮዱ ውስጥ በአንድ ቦታ እንኳ ከተገኘ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፣ ይህንንም በፍለጋ ማረጋገጥ ይቻላል።

ጃንጎ ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት አራት ፈቃዶችን ራሱ ያዘጋጃል፦ መጨመር፣ መቀየር፣ መሰረዝ፣ ማየት። በነገራችን ላይ «ማየት» የተጨመረው ዘግይቶ፣ በ2018 በወጣው 2.1 እትም ነው። ጃንጎ የተወለደው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ ከተማ፣ በአንድ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። በጋዜጣ ቤት ጽሑፉን ማን ቀየረው እንጂ ማን አየው ብሎ የሚጨነቅ እንዳልነበረ እገምታለሁ። በጤና ጣቢያ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ማየቱ ነው። በዚያ ላይ አራቱ ፈቃዶች የዳታቤዝ ቋንቋ ናቸው። ማዘዝም ማደልም በዚያው የማዘዣ መዝገብ ላይ የሚጻፉ ስለሆኑ ሁለቱም «መቀየር» ይባላሉ፤ ለፋርማሲስቱ «መቀየር» የሰጠ ሰው ማዘዝንም ሰጥቶታል። ጃንጎ የራስን ፈቃድ በራስ ስም መጨመር ይፈቅዳልና የፈቃዱ ስም ከሥራው ቢወሰድ ይሻላል።

ሚናን የሥራዎች ስብስብ አድርጎ ማየት ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሐሳብ ነው። በ1992 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረቦች የሆኑት ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ባልቲሞር በተካሄደ ጉባኤ ላይ በዚህ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ ሆስፒታል ነበር። በ2004 አሠራሩ በአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

ቁጥሩ ሲቀየር

ሰንጠረዡ ተሠርቶ አልቋል፣ ሁሉም ገጽ እሱን ይጠይቃል እንበል። ጤና መኮንኑ አንዲት ታካሚ ሲከፍት በአሳሹ አናት ላይ ያለው አድራሻ በ4471 ያልቃል። በ4472 ቢተካውስ? የታካሚ ካርድ የማየት ፈቃድ አለው፤ ሰንጠረዡ «አዎ» ይላል። 4472 ግን በሌላ ክፍለ ከተማ ያለ ጤና ጣቢያ ታካሚ ናት፣ ምናልባትም የገዛ ጎረቤቱ። በሙያው ተፈቅዶለታል፤ በዚህች ሴት ላይ አልተፈቀደለትም። ሚና ብቻውን ይህን አይመልስም።

በሜይ 2019 ይፋ የሆነው የፈርስት አሜሪካን ጉዳይ የዚሁ ዘመድ ነው። ኩባንያው በአሜሪካ የቤት ሽያጭ ሰነዶችን የሚያረጋግጥ ትልቅ ድርጅት ነው። ለደንበኛ በተላከ ሊንክ ውስጥ ያለውን የሰነድ ቁጥር መቀየር የሌላ ሰው ሰነድ ያወጣ ነበር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የግብር ሰነድ ጭምር። እስከ 2003 ወደ ኋላ የሚሄዱ 885 ሚሊዮን ያህል ሰነዶች በዚህ መንገድ ሊታዩ ይችሉ ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በኋላ ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው ጉድለቱን በራሱ ፍተሻ በዲሴምበር 2018 አግኝቶት እንደነበር ገልጿል።

ጃንጎ «ይህ ሰው በዚህ መዝገብ ላይ ይችላል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ቦታ አዘጋጅቷል፤ መልሱን ግን ለዴቨሎፐሩ ትቶታል። አብሮት የሚመጣው መላሽ አንድ የተወሰነ መዝገብ ተጠቅሶ ሲጠየቅ ከዋናው አስተዳዳሪ በቀር ለሁሉም «አይችልም» ይላል። ባለማወቅ «አዎ» ከማለት ይህ ይሻላል። በጃንጎ ላይ ኤፒአይ ለመሥራት በብዛት የሚያገለግለው ሬስት ፍሬምወርክ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በመዝገብ ደረጃ የሚደረገው ፍተሻ የሚጠራው አንድ መዝገብ ሲከፈት ነው፤ ዝርዝር ሲወጣ በእያንዳንዱ ላይ አይጠራም። መመሪያው ይህን በግልጽ ጽፎታል፣ ያነበበው ግን ስንቱ ነው። ስለዚህ 4472ን ለብቻዋ መክፈት የተከለከለው ጤና መኮንን «ሁሉንም አሳይ» ሲል ከነምርመራዋ ያገኛታል።

ዝርዝር ብቻም አይደለም። ወደ ኤክሴል ማውረጃ አለ። የፍለጋ ሳጥኑ ሁለት ፊደል ሲጻፍበት ስም እያመጣ ይገምታል። የማተሚያ ገጽ አለ፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ የሚጨመር። ማታ ማታ በራሱ ተነስቶ ሪፖርት በኢሜይል የሚልክ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ደግሞ የገባ ሰው የለውም፣ ስለዚህ ማንን እንጠይቅ? ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ሪፖርትም ሊያወጣ ይችላል። አንድ ቀበሌ፣ አንድ የዕድሜ ክልል፣ አንድ የኤችአይቪ ውጤት ካለ ቁጥሩ «1» ነው፣ በአካባቢው ለሚኖር ሰው ደግሞ «1» ስም አለው። የእኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም.) የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ውስጥ ያስገባዋል፤ በኤክሴል ወጣ በስክሪን ለአዋጁ ልዩነት የለውም።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ለየብቻ መፈተሻ መጻፍ ያንኑ የኦፕተስን ታሪክ መድገም ነው። የሚሻለው መንገድ ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅ ነው። መዝገቡን አምጥቶ «ይህን ማየት ይችላል?» ከማለት፣ «ለዚህ ሰው የሚታዩ ታካሚዎች» የሚል አንድ ፈንክሽን ይጻፍና ዝርዝሩም፣ ፍለጋውም፣ ኤክሴሉም፣ ነጠላ ገጹም ከዚያ ብቻ ይጀምሩ። ጤና መኮንኑ 4472ን ሲጠይቅ ፈላጊው እሱ ከሚያያቸው ታካሚዎች መካከል ያጣታል። የማታው ፕሮግራም በማን ስም እንደሚሠራ ተነግሮት ያንኑ ፈንክሽን ይጠራል። ለቁጥር ሪፖርቱ ግን ይህ አይበቃም፤ ትናንሽ ቁጥሮችን መሸፈን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው።

ይህ አሠራር አንድ ያልታሰበ ጥቅም ያመጣል። ያልተፈቀደ ነገር ሲጠየቅ ሰርቨሩ በመልስ ቁጥር 403 «አይፈቀድልህም»፣ በ404 ደግሞ «የለም» ሊል ይችላል። በ403 የተመለሰ ሰው 4472 የምትባል ታካሚ መኖሯን ቢያንስ አውቋል። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ የተባለው ድረ ገጽ የግል ማከማቻን ፈቃድ ለሌለው ሰው ሲደብቅ 404 የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ባለው ፈንክሽን ከተጀመረ 404 ያለ ተጨማሪ ኮድ ይገኛል። እኔ ለታካሚ መዝገብ 404ን፣ ለሥራ ዓይነት 403ን እመርጣለሁ፤ ገንዘብ ተቀባዩ የማዘዣ ገጽ መኖሩን ቢያውቅ ጉዳት የለውም፣ «አይፈቀድልህም» ተብሎ ሲነገረውም ወደ ኃላፊው ሄዶ ይጠይቃል።

ምንም ካልተባለ

እስካሁን ያለው ሁሉ ዴቨሎፐሩ ፈንክሽኑን እንደሚጠራ ያስባል። ባይጠራውስ? በ1975 የኤምአይቲ ሰዎች የሆኑት ጀሮም ሳልዘርና ማይክል ሽሮደር ስለ መረጃ ጥበቃ በጻፉት ጽሑፍ ስምንት የንድፍ መርሆችን ዘርዝረዋል። ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ የተጻፉ ይመስላሉ። አንደኛው እያንዳንዱ ጥያቄ ያለ ማሳለፍ ይፈተሽ ይላል። ሌላው ምንም ካልተባለ መልሱ «አይቻልም» ይሁን የሚለው ነው፤ ይህን ሐሳብ በ1965 ያቀረበው ግሌዘር የተባለ ሰው መሆኑን ራሳቸው መስክረዋል። ዌብ ከመኖሩ በፊት የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው።

የዌብ ፍሬምወርኮች ግን ለረጅም ጊዜ በተቃራኒው ሄዱ። ጃንጎ በጁላይ 2005 ሲወጣም ሆነ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አዲስ የተጻፈ ገጽ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነበር። ሰው መግባቱን ለማረጋገጥ ከገጹ በላይ «ሎግኢን ሪኳየርድ» የሚል ምልክት መለጠፍ ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ላይ። በኦገስት 2024 በወጣው 5.1 እትም ነገሩ ሊገለበጥ ቻለ። ሚድልዌር የተባለ፣ ጥያቄ ሁሉ ገጹ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት አንድ የኮድ ክፍል በሴቲንግ ውስጥ ሲጨመር ገጹ ሁሉ ዝግ ይሆናል፤ ክፍት እንዲሆን የሚፈለገው ነው ምልክት የሚለጠፍበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ለጋዜጣ ድረ ገጽ ክፍት መሆኑ ተፈጥሯዊ ስለነበር አልፈርድም፤ ግን ዛሬ ለጤና ጣቢያ የሚጻፍ ሥርዓት ያንን ሚድልዌር ሳይጨምር ሥራ ቢጀምር እፈርዳለሁ። ሬስት ፍሬምወርክ እስከ አሁን ድረስ ምንም ካልተባለ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ አንድ መስመር መቀየር ከፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ መሆን አለበት።

ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለውን ፍሬምወርክ የሚጠቀሙ ሰዎች ፐንዲት በተባለ መሣሪያ ሌላ ዘዴ አላቸው። አንድ ገጽ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ፈቃድ መጠየቁ ይረጋገጣል፤ ካልጠየቀ ስህተት ተነስቶ ገጹ ይወድቃል። የረሳው ዴቨሎፐር ከራሱ ኮምፒውተር ላይ ሳለ ያውቀዋል። ይህን እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከላይ ያልነውን አለመመጣጠን ያስተካክላል፦ ያለ አግባብ የፈቀደ ገጽም እንደ ከለከለው ገጽ መጮህ ይጀምራል።

ይህ ማለት ሁሉን ለሚድልዌር ሰጥቶ መተኛት ይቻላል ማለት አይደለም። ሚድልዌር የግቢ በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው፤ መታወቂያ ያያል፣ ከግቢው ውስጥ የትኛው ቢሮ መግባት እንዳለብህ ግን አያውቅም። በማርች 2025 ኔክስት ጄኤስ በተባለው የዌብ ፍሬምወርክ ላይ የተገለጸው ጉድለት ደግሞ ዘበኛው ራሱ ሊታለል እንደሚችል አሳይቷል። ፍሬምወርኩ ለራሱ ውስጣዊ ሥራ የሚጠቀምበትን፣ ከጥያቄ ጋር አብሮ የሚላክ አንድ ሄደር ከውጭ የመጣ ጥያቄ ይዞት ቢገኝ ሚድልዌሩን ዘሎ ያሳልፈው ነበር። ከ10 ነጥብ 9.1 ክብደት ተሰጠው። የፈቃድ ፍተሻቸውን በሙሉ በሚድልዌር ላይ ያስቀመጡ ባዶ ቀሩ፤ መረጃው ሲወጣ እንደገና የሚጠይቁት ግን ሁለተኛ መስመር ነበራቸው። በአድራሻ የሚፈትሹ ሥርዓቶችም ተመሳሳይ ቀዳዳ አላቸው። ስፕሪንግ በተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ዓለም ደኅንነቱን የሚጠብቀው ክፍል «/አድሚን» የሚለውን ብቻ ሲያውቅ ገጹን የሚከፍተው ክፍል «/አድሚን/»ንም እንደ አንድ ይቆጥረው የነበረበት አሠራር ለዓመታት ብዙዎችን ጥሏል። አንድ አድራሻን ሁለት ክፍሎች በሁለት መንገድ ካነበቡት ልዩነቱ ላይ ሰው ይገባል።

በተኖችን መደበቅ እንደ ፍተሻ እንደማይቆጠር ደጋግሞ ተጽፏልና አልመለስበትም። የሚረሳው ተቃራኒው ነው፦ ስክሪኑ በተኑን ለማሳየት የሚጠይቀው ጥያቄ ሰርቨሩ ከሚጠይቀው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለቱ ለየብቻ ከተጻፉ ፋርማሲስቱ «አርም» የሚል በተን ያያል፣ ይጫናል፣ ይባረራል። ሦስት ጊዜ ይህ ከደረሰበት የባልደረባውን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ምንም ቢል የሚያውቀው ሰው የተሳሳተ ነው።

ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ኮዱን በራሱ የሚፈትን ቴስት ነው፣ እሱም በሌላ አንድ ሰንጠረዥ ይጠቃለላል። በአግድም ሚናዎቹ፣ በቁመት በሥርዓቱ ውስጥ ያሉት አድራሻዎች ሁሉ፤ በየመገናኛው «ይገባል» ወይም «አይገባም»። ቴስቱ አድራሻዎቹን ከፍሬምወርኩ ከራሱ ያወጣቸዋል፤ ሰው አይዘረዝራቸውም፣ ምክንያቱም ሰው ከዘረዘራቸው የተረሳው አድራሻ ከዝርዝሩም ይረሳል። ነገ አንድ ዴቨሎፐር የማተሚያ ገጽ ሲጨምር በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ መስመር ስለሌለው ቴስቱ ይወድቃል፣ ኮዱም ወደ ሰርቨር አይሄድም። መስመሩን መሙላት ደግሞ የዴቨሎፐሩ ብቻ ሥራ አይደለም። «ገንዘብ ተቀባይ የማተሚያ ገጹን ያይ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነውና ኃላፊው ያንን ወረቀት አንብበው መፈረም ቢችሉ ጥሩ ነው። ኮድ ማንበብ የማይችል ሰው ሊያነበው የሚችል የደኅንነት ሰነድ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜም አለ። ጤና መኮንኑ ሰኞ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛወረ። ፍተሻው በእያንዳንዱ ጥያቄ ዳታቤዙን የሚያይ ከሆነ ዝውውሩ በተመዘገበበት ደቂቃ የድሮ ታካሚዎቹ ከዓይኑ ይጠፋሉ። ሚናው ሲገባ በተሰጠው ቶክን፣ ማለትም ዲጂታል ማለፊያ፣ ውስጥ ተጽፎ ከሆነ ግን ቶክኑ ጊዜው እስኪያልፍ የሰኞው ሰው እንደ ዓርቡ ሰው ይቆጠራል። ፍጥነት ፈልገው ሚናን በቶክን የሚጽፉ ሰዎችን አልቃወምም፤ የቶክኑን ዕድሜ የሚወስነው ግን ስንት ሰዓት ልቅነት እንደሚታገሡ የሚያውቁት የጤና ጣቢያው ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ።

ሌሊት ደግሞ የፈቃድ ደንቡ ራሱ ሊገድል ይችላል። በአምቡላንስ የመጣች ሴት ራሷን ስታለች፤ ካርዷ በሌላ ጤና ጣቢያ ነው፣ የምትወስደው መድኃኒት እዚያ ተጽፏል። ተረኛው ጤና መኮንን 404 ቢደርሰው ሥርዓቱ በትክክል ሠርቷል፣ ታካሚዋ ግን ተጎድታለች። በብዙ አገር ያሉ የሆስፒታል ሥርዓቶች ለዚህ የተለየ መንገድ አላቸው። ባለሙያው ምክንያቱን ጽፎ ያልተፈቀደለትን መዝገብ ይከፍታል፣ ስሙና ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ጠዋት ኃላፊ ያየዋል። ይህን መንገድ ከመጀመሪያው ያልነደፈ ቡድን በኋላ በጓሮ ሲሠራው ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ «አድሚን» የሚባል፣ ፓስወርዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አካውንት ሆኖ።

ሚናን የሚሰጠው ማን ነው?

ከገጾቹ ሁሉ አደገኛው ሚና የሚሰጥበት ገጽ ነው፣ ብዙ ጊዜም በመጨረሻ የሚታሰበው እሱ ነው። በማርች 2012 ኢጎር ሆማኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ፕሮግራመር በጊትሀብ ላይ ያደረገው ይህን በደንብ ያሳያል። ጊትሀብ በሬይልስ የተሠራ ነው። ሬይልስ በዚያን ጊዜ ከፎርም የመጣለትን ማንኛውንም መስክ፣ ገጹ ላይ ባይኖርም፣ ወደ መዝገቡ የማስገባት ልማድ ነበረው። ሆማኮቭ ስለዚህ ቢያስጠነቅቅም በቂ ሰሚ አላገኘም። ከዚያ ወደ ኮድ ማከማቻ የሚያስገባውን የገዛ ቁልፉን በሚመዘግብበት ፎርም ላይ የባለቤቱን መለያ ቁጥር የሚቀይር አንድ መስክ ጨምሮ ላከ፤ ቁልፉ የሬይልስ አዘጋጆች ቁልፍ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያም በሬይልስ ዋና ኮድ ውስጥ አንድ ፋይል አስቀመጠ። ሬይልስ በቀጣዩ አራተኛ እትሙ የትኞቹ መስኮች እንደሚፈቀዱ ዴቨሎፐሩ በስማቸው እንዲጠራ ማስገደድ ጀመረ፤ ያልተጠራ መስክ ይጣላል።

በጃንጎ የአስተዳዳሪ ገጽም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሰዎችን የመጨመርና የመቀየር ፈቃድ የተሰጠው ሠራተኛ ዋና አስተዳዳሪ የሆነ አዲስ ሰው መፍጠር ይችላል። መመሪያው ይህን አምኖ፣ ቢያንስ ሁለቱም ፈቃዶች አንድ ላይ እንዲያስፈልጉ ማድረጉን ይናገራል። ስለዚህ «ሠራተኛ መዝግብ» ብለን የሰጠነው ትንሽ የሚመስል ፈቃድ ከሁሉም በላይ ያለው ሊሆን ይችላል። የሚና መስጫው ገጽ ሁለት ነገር መፈተሽ ይኖርበታል፤ ማንም ራሱ የሌለውን ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥ፣ የራሱንም ሚና እንዳይቀይር።

ለትላልቆቹ ሚናዎች ሁለተኛ ሰው ያጽድቅ የሚለው፣ ከሳልዘርና ከሽሮደር ስምንት መርሆች ሌላው፣ እዚህ ላይ ይመጣል፤ እዚህም ላይ ከእውነታው ጋር ይጋጫል። በጤና ጣቢያው ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው አንድ የጤና መረጃ ቴክኒሽያን፣ ሰው ኤችአይቲ የሚለው ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ አጽዳቂው ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ፣ ኔትወርክ ሲኖር፣ በሥራ ሰዓት ብቻ ይገኛል። በዚህ ላይ የተነደፈ ሥርዓት «ጸድቋል» እና «ተከልክሏል» በሚሉ ሁለት መልሶች ብቻ ቢሠራ ሰው ይዞረዋል። ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልገዋል፦ ኤችአይቲው የሰጠው ሚና ወዲያው ይጀምር፣ የጤና ጣቢያውን የዕለት ሥራ ብቻ ይክፈት፣ የመጨረሻ ቀኑ ከላዩ ተጽፎ ይኑር፣ ከወረዳው መልስ ሳይመጣ ያ ቀን ካለፈ በራሱ ይዘጋ።